ያ ሰውዬ ኮምፒውተሬ ውስጥ

ጥቅምት 3
የጥርስ ሐኪሟን ወንበሮች አዲስ ቆዳ አለበስኩ። የድሮው ስፖንጅ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ በመጋዝ ነው የቆረጥኩት። ታናሽ እህቴ ሚጢ ሚስማር ታቀብለኛለች። እኔ ቤት ከገባች ጀምሮ ደጅ አልወጣችም። ባሏ የሰበረው መንጋጋዋ ገና አልጠናም፣ ባንድ በኩል ነው የምታኝከው። ሲደውልልኝ «እኔ ጋ የለችም» ብዬዋለሁ። ያምነኝ ይሆን?
ከሰዓት አዲስ ደንበኛ በኢሜይል ጻፈ። «የሶፋዬን ፎቶ ልኬልዎታለሁ።» ከፈትኩት... ፎቶ የለም። ስክሪኑ ብልጭ አለና ተወው። አሮጌ ኮምፒውተር፣ ምን ይደረግ።

ጥቅምት 9
ከሚጢ ባል ኢሜይል መጣ። «ለሚስቴ ንገሪያት፣ አረንጓዴው ሹራብ ያምርባታል።»
ሚጢ ዛሬ የለበሰችው የኔን አረንጓዴ ሹራብ ነው።
መጋረጃዎቹን በሙሉ ዘጋሁ። ከየት ሆኖ ነው ያያት?

ጥቅምት 11
ሌላ መልእክት። ትናንት ወንበር እየሰፋሁ የነገርኳትን ቃል በቃል ጽፎታል። «ይሄ ሰው አንድ ቀን ይገድልሻል» ብያት ነበር። ከሥሩ «ልክ ብለሻል» ይላል።
ሚጢ አነበበችና ዞረችብኝ።
«አንቺ ነሽ የምትነግሪው!»
«እኔ?»
«ሌላ ማን አለ እዚህ ቤት? አስታርቀሽ ልትመልሺኝ ነው! ስንት ሰጠሽ?»
በጥፊ መታኋት። በዚያው በተሰበረው በኩል።
አላለቀሰችም። ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ ሁለተኛውን እየጠበቀች... እግሯ ላይ ወደቅኩ። እጄን ምን ነካው?

ጥቅምት 12
ኮምፒውተር የምትጠግነው ጎረቤታችን መጣች። ቀጭን ስለሆነች ሰፈሩ ሁሉ «ሽቦ» ነው የሚላት። የጠራኋት ማሽኑ ስለተንቀራፈፈ እንጂ ምንም ጠርጥሬ አይደለም።
ገና ሳትቀመጥ ስክሪኑ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት አየቻት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሁለታችንንም ወደ ኩሽና ጎተተችን።
«እትዬ፣ ካሜራው ለምን ይሠራል?»
«እኔ እንጃ። ሁልጊዜ የሚበራ መስሎኝ...»
«በሱ በኩል የሚያያችሁ ሰው አለ። ይሰማችኋልም። በቅርቡ የማታውቂው ሰው የላከውን ነገር ከፍተሻል?»
ሶፋው! ለካስ ደንበኛ ተብዬው እሱ ራሱ ነው።
ሚጢ አየችኝ። መጥታ እቅፌ ውስጥ ገባች።
ኮምፒውተሩን ባናቱ ልፈጠፍጠው ነበር። ሽቦ ያዘችኝ። «ማስረጃ ነው፣ ለፖሊስ ሳይነካ ይቆይ።»

ጥቅምት 14
ትናንት ለፖሊስ አመለከትን። ዛሬ መርማሪዋ እንደመከረችን ካሜራው ፊት ቆመን ዋሸን። «ነገ ጠዋት መናኸሪያ አደርስሻለሁ» አልኩ። «እሺ እትዬ» አለች ሚጢ። ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ግን የምር ነበር። ፖሊሶቹ መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቁታል።

ጥቅምት 17
ግራ እጄ በጄሶ ታስሯል፣ ጎኔ ያመኛል። በቀኜ መጻፍ ስለምችል ተመስገን።
ከትናንት ወዲያ ጠዋት ባሏ መናኸሪያ አልሄደም። ሳንወጣ ሊደርስብን ቀጥታ ወደ ቤት መጣ። በሩን በእርግጫ ገንጥሎት ገባ። ሚጢን በፀጉሯ ይዞ ወለሉ ላይ ጎተታት። ዘልዬ ተከመርኩበት። ጎኔን በጉልበቱ አለኝ፣ ወደቅኩ፣ ከዚያ ግራ እጄን በጫማው ረገጠው። ጣቶቼ ሲሰበሩ ሰማሁት፣ እንደ ደረቅ እንጨት። «በር የምትዘጊብኝ አንቺ ማን ነሽ?» ይላል፣ ደጋግሞ።
ቀኝ እጄ ወንበሩ ሥር መዶሻዬን አገኘ።
ጉልበቱን መታሁት። ጮኸ። ደገምኩት። ወደቀ። ደሙ ጨርቄ ላይ... ከዚያ መዶሻውን ወደ ጭንቅላቱ አነሳሁ። ልመታው ነበር። ፈልጌ ነበር።
«እትዬ! በቃ!» ሚጢ ናት። ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች። «በሱ ምክንያት ልትታሰሪብኝ ነው?»
የጎረቤቶቹ ጩኸት ፖሊስ አመጣ። እስኪደርሱ መዶሻውን ከእጄ አልለቀቅኩም።

ጥቅምት 28
ፖሊሶቹ የሚፈልጉትን ቀድተው ኮምፒውተሩን መለሱልኝ። ሽቦ የሥራ ፎቶዎቼን ለይታ ሌላውን ሁሉ ደመሰሰችና እንደ አዲስ ጫነችው።
«ኮምፒውተሩ የደህንነት ማሻሻያ ጫኚ ሲልሽ ምን ትይዋለሽ?»
«በኋላ እለዋለሁ።»
«ሁልጊዜ?»
«...ሁልጊዜ።»
ተቆጣችኝ፣ እናቴ ሆነች። ከእንግዲህ ማሻሻያው በራሱ ይገባል። ለሁሉም አንድ ነበር የይለፍ ቃሌ፣ ሁሉንም ለያየነው። ፋይል የሚልክ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ሚጢ መጀመሪያ ትደውልለታለች። ካሜራው ላይ ቁራጭ ቆዳ ለጠፍኩ።
«ጥፋቱ የኔ ነው?» ብዬ ሽቦን ጠየቅኳት።
«የሱ ነው። አንቺ ግን ተጠንቀቂ።»

ኅዳር 20
ፍርድ ቤት። እያነከሰ ገባ። ጠበቃው «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለ። ሚጢ ቆመች። ስለ መንጋጋዋ፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ሁሉም ተናገረች፣ ግን በጣም በዝግታ። ዳኛው ሁለት ጊዜ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አሏት። እሱ ፈገግ አለ። ቀኝ እጄን አላመንኩትም፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።
ዋስትና ተከለከለ። ወደ ማረፊያ ቤት የሚወስደው መኪና ውስጥ ሲያስገቡት እኛ መንገዱን እየተሻገርን ነበር። አንድ ባለታክሲ በፍጥነት መጥቶ እግራችን ሥር ፍሬን ያዘ። ሚጢ ኮፈኑን በቡጢ ደለቀችው።
«አንተ! ዓይንህ ግንባርህ ላይ አይደለም እንዴ? ሰው ልትጨርስ ነው? ውረድ! ውረድ እኮ ነው የምልህ!»
መንገዱ በሙሉ ዞሮ አየን። ባለታክሲው መስኮቱን ዘጋ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ፣ ጎኔን ይዤ አስፋልቱ መሀል...
«ምን ያስቅሻል?» አለችኝ፣ ገና በንዴት እየተንተከተከች።
ያ የእስረኞች መኪና አልተነሳም ነበር። ሰምቷት ይሆን?
ይስማ።