ጋቢ ሥር የቀሩት እጆችህ

አባዬ፣ ያለህበት ሰላም ይሁን። «ሚጣዬ» እያልክ የምትጠራኝ ልጅህ ነኝ፤ አሁን እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም። ከተለየኸን ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ ልጽፍልህ ስንት ጊዜ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ተነሣሁ። የምናዘዘው ነገር ስላለኝ ነው የፈራሁት፤ አንተ ግን ሳልነግርህም ታውቀዋለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ግን እንደ ድሮዋ የጎረቤቱን በሽታ አውርታልኝ ነገሩን ታስረሳኛለች። የሚያፈሰው ጣሪያ ተደፍኗል። ባቡሩ ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ ዛሬም ይንቀጠቀጣሉ። በአንተ ቦታ ሐዲድ እንዲያቀያይር የተተካው ሰውዬ ባንዲራውን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ያወናጭፈዋል፤ እማዬ በአጥሩ በኩል እያየች ትናደዳለች። ጣቢያው አጠገብ ግራሩ ሥር ትቀመጥበት የነበረው ድንጋይ እንዳለ ነው። ዙሪያውን የነበረውን የእንጨት ፍቅፋቂ ግን ክረምቱ ጠርጎ ወስዶታል።

እዚያ ድንጋይ ላይ ሆነህ እንጨት ስትቀርጽ ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ የለመድኩት ነው። የጠዋቱ ባቡር ወደ ድሬዳዋ ካለፈ በኋላ የዕቃው ባቡር እስኪመጣ ድረስ ባልደረቦችህ ካርታ ሲጫወቱ አንተ ሰንጢህንና መሮህን ታወጣ ነበር። «እጄን ላፍታታ ብዬ ነው» ትላለህ፤ እንደ ሥራ ቆጥረኸው አታውቅም፣ የሠራኸውንም ለሰው ከመስጠት በቀር ሌላ ነገር አታውቅም። አቃቂ ውስጥ ያንተ ጭልፋ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ታዲያ አንድ ሰው ጭልፋውን አገላብጦ አይቶ «ጎበዝ!» ካለህ አለቀለት። ዋንዛው የት እንደተቆረጠ፣ ጥላ ውስጥ ስንት ወር እንደደረቀ፣ መሮው የቱ ጋ እንዳዳለጠህ፣ አውራ ጣትህ ላይ ያለውን ጠባሳ እያሳየህ ትተርክለታለህ። ተሳፋሪ ከሆነ ባቡሩ ሊያመልጠው ይደርሳል።

አንድ ቀን መሮውን አስይዘኸኝ እጄን ከላይ በእጅህ ይዘህ እንደገፋህልኝ አስታውሳለሁ። የእንጨቱን ጅማት ተከተዪ፣ መቼም ቢሆን ወደ ራስሽ አትሳቢ አልከኝ። እጅህ ሞቃትና ሻካራ ነበር። ያኔ አላፈርኩበትም።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ታደሰ ሽማግሌ ልኮ አንተም ከፈቀድክ በኋላ፣ አባቱ አባባ ደምሴ ከዘመዶቻቸው ጋር ሊተዋወቁን ከሳሪስ የመጡበትን እሑድ መቼም አትረሳውም። በዚያ ሳምንት ፋብሪካ አብራኝ የምትሠራ ልጅ አስፈራርታኝ ነበር። የእነ ታደሰ ቤት ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ቀጥቃጭ ነው፣ ሸክላ ሠሪ ነው፣ እንጨት ጠራቢ ነው ከተባለ ሠርጉ በማግሥቱ ይፈርሳል አለችኝ። እኔ ደግሞ ለታደሰ የነገርኩት አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነው ብዬ ብቻ ነበር። እውነት ነው፤ ግን የደበቅኩት ይበልጥ ነበር።

ቅዳሜ ቤት ላጸዳ ብዬ የእጅህን ሥራ ሁሉ ለቀምኩት። በርጩማዎቹን ጎረቤት አስቀመጥኩ፤ ማንኪያና ሚዶውን በጆንያ አድርጌ አልጋ ሥር ከተትኩት። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ታየኛለህ። ጨርሼ ቀና ስል እጅህን አየሁት። አባዬ፣ እጅህን አየሁና አፈርኩበት። ነገ ጋቢህን ደርብና እጅህን ከውስጥ አድርገው፤ ጠባሳውን ካዩ ይጠይቁሃል፣ ከጠየቁህ ደግሞ አንተ አፍህ አያርፍም አልኩህ። አልሳቅክም፤ አልተቆጣህምም። «እሺ ሚጣዬ» ብቻ አልከኝ።

ቃልህን ጠበቅክ። እንግዶቹን ትከሻ ለትከሻ ሳምካቸው፤ እጅህ ግን ከጋቢው አልወጣም። እኔ ጅሏ ያላሰብኩት ምሳውን ነበር። የእጅ ውኃው ሲዞር ሆዴን አሞኛል ብለህ አሳለፍከው። አባባ ደምሴ ከዶሮው የተሻለውን መርጠው ጠቅልለው ጉርሻ ዘረጉልህ። ጉርሻ የተቀበለ መመለስ አለበት፤ ለመመለስ ደግሞ እጅ መውጣት አለበት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልችልም» ብለህ አንገትህን ደፋህ። ሰውየው እጃቸው እንደተዘረጋ ትንሽ ቆዩና ጉርሻውን መልሰው እንጀራው ላይ አስቀመጡት። እማዬ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ ወጥ ልጨምር ብዬ ጓዳ ገባሁ። ከጓዳ እስከ መሶቡ ሦስት እርምጃ ነው። ሦስት እርምጃ ሄጄ «አባዬ፣ ታጠብና ብላ» ማለት አቃተኝ።

ሠርጉ ተሠረገ። አባባ ደምሴ ግን ቂም ይዘው ቀሩ። ልጄን ንቆታል፣ ማዕድ የተጸየፈን ሰው አማች አልለውም አሉ። በየበዓሉ «የአባትሽ ሆድ ተሻለው ወይ?» ብለው ይነክሱኛል። እኔም እውነቱን እያወቅኩ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። ስምንት ዓመት! አንተ ኩራተኛ መባልህን ሰምተሃል፤ ሰው ነግሮሃል። አንድ ቀን እንኳ እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ናት አላልክም። ቤት ውስጥ ፍቅፋቂ ማየቴም ያን ሰሞን ቀረ። አርጅቶ ሰልችቶት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እንዳልሰለቸህ ያወቅኩት ከተቀበርክ በኋላ ነው። ባልደረቦችህ ጣቢያው ካለችው ክፍልህ አንድ ጆንያ ተሸክመው መጡ። ማንኪያ፣ ሚዶ፣ ከዘራ፤ የስምንት ዓመት እጅህ እዚያ ውስጥ ነበር። ከሥሩ አንድ ያላለቀ ጭልፋ ወጣ። እጀታው ላይ ልጅ ሆኜ እማዬ የምትሠራኝን ሹሩባ እስከ ጫፉ ቀርጸኸዋል፤ ሆዱ ግን ገና ድፍን እንጨት ነው። እማዬ ለሠርግሽ የጀመረው ነው፣ ከዚያች እሑድ በኋላ አልነካውም አለችኝ። ስትነግረኝ ልትወቅሰኝ አልፈለገችም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

መሮህን ወሰድኩ። ዓመቱን ሙሉ እሑድ እሑድ እየተቀመጥኩ ያንን ድፍን እንጨት ቦረቦርኩት። ሥራዬ አያምርም፤ አንዱ ጎን ወፍራም፣ ሌላው ስስ ሆኗል፣ ብታየው አፍህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቸኮልኩና መሮውን ወደ ራሴ ሳብኩት። አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ያንተ ጠባሳ ያለበት ቦታ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ለሙት ዓመትህ አባባ ደምሴም ለወጉ ብለው መጡ። ወጡን በዚያ ጭልፋ አወጣሁ። የእጅ ውኃ ሳፈስላቸው የታሰረውን ጣቴን አይተው ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። አባዬ፣ እጄን ወዲያው ነጠላዬ ውስጥ አስገባሁት። ሳላስበው ነው የገባው። ያን ጊዜ ነው ያቺ እሑድ እንዴት እንደነበረችህ የገባኝ፤ ጨርቅ ሥር ያለ እጅ እንዴት እንደሚከብድ።

አወጣሁት። በሰው መሐል ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንጨት መቅረጽህንና ድንጋይህን፣ ጋቢውን፣ ጉርሻውን፣ የሸፈነህ ኩራት ሳይሆን የእኔ እፍረት መሆኑን። ታደሰ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። አባባ ደምሴ አልማሩኝም፤ ተነሥተው ወጡ። ግራሩ ሥር ሄደው ድንጋይህ አጠገብ ረጅም ጊዜ ቆሙ። ተመልሰው ሲመጡ ዓይናቸው ቀልቷል። የእኔ አባት ሞፈርና ቀንበር ጠርቦ ነው ያሳደገኝ፣ ማን ይንቀዋል ብለሽ ነው አሉኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው ጉርሻ ጠቀለሉና ይህ የእሱ ነበር፣ አንቺ ብዪለት አሉ። በላሁልህ። በቆሰለው እጄ ጠቅልዬ መለስኩላቸው።

እሳቸው ታርቀውሃል። እኔ ግን የበላሁት ያንተን ነው። ጭልፋህ ከእንግዲህ የሚሰቀለው እንግዳ በሚያየው ቦታ ነው፤ ማነው የሠራው ላለኝ ሁሉ ባቡር እስኪያመልጠው እተርክለታለሁ። እንዲህ አደርጋለሁ ስልህ ግን ለመጽናናት አይደለም። ያን እሑድ እንግዶቹ ሲሄዱ መሶቡን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ፤ ጠግቤ ነበር። በልተህ እንደሆነ አልጠየቅኩህም። እንደራበህ ማደርህን በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም።

ልጅህ ሚጣ