ከፊርማዬ አጠገብ

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የቀበሌው ምክር ቤት ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን መተላለፊያችንን ለመጋዘን ሊያጥረው ነው። ባለፈው ስብሰባ ተቃውመን፣ መገኘታችንን ብቻ ፈርመን ወጣን። ለካ ያንኑ ወረቀት «ነዋሪው ተስማምቷል» ብለው ከውሳኔው ጋር አያይዘውታል።

ትናንት በሌላ ስብሰባ ደግሞ የመገኘት ወረቀቱ ሲዞር ከፊርማዬ አጠገብ «ተገኝቻለሁ፤ አልተስማማሁም» ብዬ ጻፍኩበት። ጸሐፊው «እማማ፣ ቅጹን አበላሹት» አለኝ።

«አንተ ቃሌን ከማበላሸትህ አይብስም» አልኩት።

ልብስ ሰፊዋ እስክሪብቶዬን ተቀብላ እሷም እንደዚያው ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ባዩ አባትሽ ሳይቀር ጻፈ።

አንቺም እዚያ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ፈጣሪ ከፊትም ከኋላም ይሁንሽ። ሰው ካገኘሽ እስክሪብቶ ላኪልኝ፤ የእኔው ሳይመለስ ቀርቷል፣ ሰኞ ደግሞ ሌላ ስብሰባ ጠርተዋል።

እናትሽ