እናትሽ ጠባሳዋን ያጣችበት ፎቶ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሀያት፤

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ስምንተኛ ወርሽን ይዘሽ አሁንም አውሮፕላን ሥር ብሎን ታጠብቂያለሽ ወይስ አስቀመጡሽ? ባልሽስ ሻይ ማፍላት ለመደ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኔ ግን ደህና ነኝ ብል ዋሸሁ። ብደውልልሽ ነገሩን በቀልድ ስለማድበሰብሰው ጽፌ በቴሌግራም ላክሁልሽ።

እናትሽ ሻንጣዋን ከዘጋች ሳምንት ሆናት። የሁሩሙ ማርና የገንፎ ዱቄት ሞልታበት ልብሷ በፌስታል ቀርቷል። ስትወልጂ ከጎንሽ ልትሆን ወደ ሰው አገር የምትበረው የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ነው። እሷ የምትፈራው አውሮፕላኑን ነው። እኔ የምፈራው እዚያ አየር ማረፊያ በር ላይ ፊትን ከፈቃዱ ፎቶ ጋር የሚያመሳክረውን ካሜራ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው።

ለዲጂታል የጉዞ ፈቃዷ እዚሁ ፎቶ ቤቴ አነሳኋት። ሙሽሮችን የማሳምርበት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ መተግበሪያ ስልኬ ላይ አለ። እጄ ለምዶበት አንዴ ነካሁት። የግንባሯን ጠባሳ አጠፋው፣ ጉንጯን ሞላው፣ አፍንጫዋን አቀጠነው። እሷም አይታ፣ «ኧረ ይቺ ቆንጆ ማናት?» ብላ ሳቀች። እኔም እየሳቅሁ ከማመልከቻው ጋር ላክሁት። ፈቃዱ በሁለተኛው ቀን መጣ።

ባለፈው ሰኞ የቡሬው ነጋዴ ኩማ ከውጭ አገር ተመልሶ፣ ጢሙን በመላጨቱ የአየር ማረፊያው ካሜራ አላውቅህም ብሎት አንድ ሰዓት ሙሉ እንደቆመ አወራኝ። ስቄበት ቤት ገባሁ። ስልኬ ፎቶዎችን በየሰዉ ፊት ለይቶ ያስቀምጣል። የእናትሽን አዲስ ፎቶ ከእሷ ፎቶዎች መሀል ብፈልግ አጣሁት። ከታናሽ እህትሽ ከሳሊሐ ጋር መድቦታል! የገዛ ስልኬ ያላወቃትን የአየር ማረፊያው ካሜራ እንዴት ያውቃታል?

መፍቻ ክንፍ ውስጥ ረስተሽ፣ ራስሽ ተናግረሽ አውሮፕላኑን ያስቆምሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? አለቃሽ አመሰገነኝ ስትዪኝ፣ እኛ ዘንድማ ፎቶ ሲበላሽ የምናሳብበው በፀሐይ ነው ብዬ አሾፍኩብሽ። አንቺ ግን ሰው መሳሳቱ አይቀርም፣ ሰው የሚገድለው መደበቁ ነው አልሽኝ። እነሆ እኔም የረሳሁትን መፍቻ ተናገርኩ።

ትናንት ለእሷም ነገርኳት። በሻርፗ መታችኝና፣ «አንተ ቀጣፊ፣ ጠባሳዬን አሁኑኑ መልስ!» አለችኝ። ልጆች ሳለን ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ለማንጎ በወረወርኩት ድንጋይ የፈነከትኳት እኔው ነኝ። አርባ ዓመት ስትወቅሰኝበት ኖራ አሁን መልስ ትለኛለች!

ጠባሳው ያለበትን ፎቶ አብሬ ልኬልሻለሁ። እዚያ ፈቃዱን ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት ሄደሽ፣ ማሽን ሳይሆን ሰው ጠይቂልኝ። ፎቶው ይለወጣል ወይስ እንደገና እናመልክት? ብቻዋን ነው የምትጓዘው፣ ቋንቋውን አታውቅ። ቢያስቆሟት ምን ብላ ታስረዳለች? አንቺስ እናትሽ ከጎንሽ ሳትኖር ልትወልጂ? እንዳታባብዪኝ፣ እውነቱን ንገሪኝ።

ሳሊሐ ሰላም ብላሻለች፤ ስልኩ ከእናቴ ጋር አንድ አደረገኝ ብላ አኩርፋለች። ጎረቤታችን እትዬ ዲሪቤ በኦሮምኛቸው «አካም ጂርታ» ብለው ደህንነትሽን ጠይቀዋል። ባልሽን ሰላም በዪልኝ። ለሆድሽ እንግዳም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ሲመጣ አያቱን በጠባሳዋ ይለያት።

አጎትሽ መሀመድ ሰዒድ
መቱ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.