የጄምስ አባት

ሂሩትዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር አለፈ። ቤቱ ደህና ነው። ልብሶችሽን ልጃችን ሳሮን ወስዳለች። ወጥ ቤቱን እንደገና አደራጅቼዋለሁ፤ ቅመሙ ሁሉ ስሙ ተጽፎበት በመስመር ቆሟል። ብታዪው ትስቂብኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ ቅዳሜሽን የወሰዱብኝ ጋሽ ግሌን። ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ቤታቸው እየሄድሽ የምትንከባከቢያቸው አዛውንት እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ግን ሥራ አልነበረሽም። ከስኮትላንድ ወደዚህ አገር በመርከብ መጥቶ የቤተሰባቸው መነሻ የሆነውን ጄምስ የሚባል ሰው ፍለጋ አብረሻቸው ቤተ መጻሕፍት ትውያለሽ። ዓይናቸው ስለደከመ የድሮውን መዝገብ ታነቢላቸዋለሽ፣ በአማርኛ ማስታወሻ ትይዣለሽ። እራት ላይም ወሬሽ ጄምስ ነው። የኔን አያት ስም አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ሳሮን «ሶ አባዬ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሞተ ሰው ጀለስ ትሆናለህ?» ብላ ስቃብኛለች። አዎ፣ እቀናለሁ።

ከቀብርሽ በኋላ ሽማግሌው ደብተርሽን እንዳነብላቸው ለመኑኝ። የጄምስን አባት አገኘሁት ብለሻቸው፣ ስሙን ሳትነግሪያቸው ነው የታመምሽው። ሰባት ወር እምቢ አልኩ። በመጨረሻ ከፈትኩት፤ መጀመሪያ የፈለግሁት ራሴን ነበር። ስለ እኔ አንድ መስመር የለም። ቅዳሜ ሄጄ እንደ ጻፍሽው አነበብኩላቸው፦ የጄምስ አባት ዳንካን። አለቀሱ።

ቤት ተመልሼ ሳመሳክር ስህተትሽን አገኘሁት። እኛ እዚህ አገር ፎርም ስንሞላ መሃል ላይ የአባታችንን ስም እንጽፋለን። አንቺም ጄምስ ዳንካን የሚለውን አይተሽ ዳንካንን አባቱ አደረግሽው። ለካ ለራሱ ለጄምስ የወጣለት ሁለተኛ ስም ነው። የአባቱ ስም ዊልያም መሆኑን ደግሞ እዚያው ደብተር ላይ አንቺው ከጥምቀት መዝገብ ገልብጠሽ፣ ሳታስተውዪው አልፈሽዋል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህንኑ ላሳያቸው ቸኩዬ ሄድኩ። እሳቸው ግን ያንቺን ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ስለ ጥንቃቄሽ ማውራት ጀመሩ። ስህተቱ ያንቺ ነው ልላቸው አልጨከንኩም። ስህተት አይቼ ማለፍ ደግሞ እንደማልችል ታውቂያለሽ።

ባለፈው ሳነብ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አባትየው ዊልያም ነው አልኳቸው። ደብተሩን ከእጄ ወስደው፣ ሂሩት ብትሆን እንዲህ አትሳሳትም ነበር አሉኝ። ልክ ነዎት አልኩ።

ጥንቃቄሽን እሳቸው ያስታውሱት። ይህችን ስህተትሽን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቃት የለም። እስክሞት አስታውሳታለሁ፤ ለማንም አላካፍላትም።

ባልሽ ዳዊት