በሩ ሲከፈት የሚቆም ዜማ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ተንኮለኛ ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። በስልክ ያልነገርኩሽ ፋታ ስለማትሰጪኝ ነው። ገና «እማዬ» ስል «በላህ ወይ?» ትያለሽ፣ ወሬዬም እዚያው ይቀራል። እና ጻፍኩልሽ፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ ግን አትቆጪኝ።

የፊልማችን የድምፅ ሥራ ሊያልቅልኝ ሲል አንድ ትዕይንት አንቆ ይዞን ነበር። እናት ቤቷን እያሰናዳች ልጇን ትጠብቃለች፤ ልጁ ከብዙ ዘመን በኋላ በሩን ከፍቶ ይገባል። ይኸው ነው። ተዋናይዋ እያለቀሰች ረጅም ንግግር ትናገራለች፣ ሙዚቀኛው ደግሞ ከሥር ቫዮሊኑን ያንቆረቁረዋል። ዳይሬክተራችን አገጩን ይዞ ያያል፤ ምንም አልነካውም። ማር ሲበዛ ይመራል አልኩትና ሙዚቃውን አወጣሁት። ንግግሩ ብቻውን ሲቀር ጭራሽ ስብሰባ ላይ የሚነበብ ሪፖርት መሰለ። እሱንም አወጣሁት። የእርምጃዋና የወንበሩ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ አሁን ደግሞ ቤቱ ሰው የማይኖርበት መሰለ።

የምትቆጪው እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ልትጠይቂኝ ስትመጪ፣ ጸጥ ይላል ብዬ ድምፅ መቅረጫው ክፍል አስቀምጬሽ አልነበር? ማይኩን ሳልዘጋ ረስቼው ወጣሁ። አንቺ መርፌና ክርሽን አውጥተሽ ልብስ እየጠገንሽ፣ አፍሽን ሳትከፍቺ ታዜሚያለሽ። እኔ በሩን ስከፍት ቀጥ! ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቅሽኝ።

ኋላ የተቀረጸውን ደጋግሜ ሰማሁት፣ እማዬ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ያዜምሽ አይመስለኝም ነበር። ለካ ታዜሚያለሽ፤ የምታቆሚው እኛ ስንመጣ ነው!

ለዳይሬክተሩ አሰማሁትና ከትዕይንቱ ጋር አጋጠምኩት። እናትየዋ እየሠራች ታዜማለች፤ በሩ ሲከፈት ዜማው ይቋረጣል፤ ማንም ምንም አይናገርም። ያ ደረቅ ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሙዚቀኛው ያኮርፋል ብዬ ስፈራ፣ እስቲ ድገመው አለኝ።

አንቺ ካልፈቀድሽ ግን አወጣዋለሁ፤ ትዕይንቱም ሞተ ማለት ነው። የምትይውን አውቃለሁ፤ «ባሏን ቀብራ ዘፈን አማራት» ይሉኛል ነው። ይበሉዋ! የሰው አፍ በምን ይከደናል? እኔና እህቴ አንቺ ደስ ሲልሽ መስማት ነው የምንፈልገው። ከሰው ብትደብቂ እሺ፣ ከእኛ ከልጆችሽ ትደብቂያለሽ? አፈር ስሆን እሺ በይኝ።

ደግሞ አንድ ነገር። የዚያን ቀን ትጠግኚው የነበረው የወንድ ኮት ነው። ለኔ መስሎኝ ልለካው ብል መንትፈሽ ከረጢትሽ ውስጥ ከተትሽው፤ ፊትሽ ቀልቶ ነበር። ምንም አልጠይቅሽም። ፊልሙ ለሚመረቅበት ቀን ግን ከፊት ረድፍ ሁለት ወንበር ይዤልሻለሁ። ኮቱን ለባለቤቱ ስትመልሺለት ፊልም ይወድ እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ጤናሽንም ድምፅሽንም ያቆይልኝ።

ልጅሽ