ለድንቢጥ ካሜራ ልመርጥ ሄጄ

ረቡዕ፣ የካቲት 19 ቀን

የልጄ እናት፣ ውዴ፣

ይህን ደብዳቤ የመርከቡ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመሽ እንዳታነቢው። እጅሽን ታጥበሽ፣ ድስቱን ለጓደኛሽ አደራ ብለሽ፣ አልጋሽ ላይ ተቀመጪና አንብቢው። ልጃችን ድንቢጥ በሕይወት አለች። ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ አሁን ራሱ እናትሽ ጉልበት ላይ ሆና የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮውን ወለሉ ላይ እየዘረገፈች ነው። ይህን ያዢልኝና ሌላውን ቀስ ብለሽ ስሚኝ። እኔ እስካሁን ከድንጋጤዬ አልተመለስኩም፤ ሚስማር ስመታ ጣቴን እየመታሁ ነው የከረምኩት።

ፈቃድሽን ጨርሰሽ ስትሄጂ በር ላይ ቆመሽ ምን አልሽኝ? «ይሄ ስልክህ የልጄን ዓይን እያበላሸ ነው፤ በየፎቶው አንዱ ዓይኗ እንደ ድመት ያበራል። ደህና ካሜራ ግዛ፣ እኔ ባሕር ላይ ሆኜ የማያት በፎቶ ነው።» እኔም «የርካሽ ስልክ ነገር!» ብዬ ሳቅሁ። አንቺም ሳቅሽ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ድንቢጥን ይዤ ካሜራ ልመርጥ ሄድኩ። ሱቁ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሻጯ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ፎቶ ስታነሳ የኖረች ሴት ናት። «የቱን ላሳይህ?» ስትለኝ «ትልቁን» አልኳት። ሳቀችብኝ።

«ሥራህ ምንድነው ወንድሜ?»

«አናጢ ነኝ።»

«እንግዲያው ይገባሃል። እንጨት የሚቆርጠው የመጋዙ ጥርስ ነው፣ እጀታው አይደለም። ካሜራው መካከለኛ ይሁንልህ፤ ሌንሱን ነው ተጠንቅቀህ የምትመርጠው።»

ሦስት ሌንስ ደረደረችልኝ። ረጅሙን አንስታ «ይሄ ለኳስ ሜዳ ነው፣ ይቅርብህ» አለች። ሃምሳ የሚለውን «ፊት ያሳምራል፤ ግን ጠባብ ቤት ውስጥ ጀርባህን ከግድግዳ ያጣብቅሃል» አለች። ሠላሳ አምስት የሚለውን ትንሹን ሌንስ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና «የቤተሰብ ሌንስ ይሄ ነው። ልጅ አጠገብ ቁጭ ብለህ ታነሳበታለህ፣ አፉ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል፣ ብትሮጥም አታመልጠውም» አለችኝ። ድንቢጥ ይሄን ጊዜ የሌንሱን ክዳን እንደ ባርኔጣ ጭንቅላቷ ላይ ለማቆም ትታገላለች።

መጀመሪያ ያለ ፍላሽ አነሳቻት። ውዴ፣ እንዴት ያለ ፎቶ መሰለሽ! ቅንድቧ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀጥላ «ልዩነቱን እንድታይ» ብላ በፍላሽ አነሳቻት። ስክሪኑን አየችና መነጽሯን አደረገች።

አንገቴን አስግጌ አየሁ። ቀኝ ዓይኗ ቀይ ነው፣ ፍላሽ ሲመታው እንደሚሆነው። ግራው ነጭ ነው። እንደ ወተት ነጭ።

ምን ብል ጥሩ ነው? ደስ አለኝ! «ይኸው! እናቷም የምታማርረው ይሄንኑ ነው። ይሄም ያበላሻል ማለት ነው፤ ሌላ አምጪ» አልኳት። ሌንሱን ቀየረች። ያው ነው። ሌላ ካሜራ አወጣች። ያው ነው። ልጅቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አነሳቻት፤ ግራው እንደገና ነጭ። ከዚያ ሳትነግረኝ ወደ እኔ አዙራ አነሳችኝ። ሁለቱም ዓይኔ ቀይ።

«ዕቃዬ ጤነኛ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጤናማው ቀዩ ነው፣ ወንድሜ። ነጩ ነው የማይሆነው። ሐኪም ዘንድ ውሰዳት፣ ዛሬ ነገ ሳትል።»

ደሜ ፈላ። «ካሜራ ልገዛ ነው የመጣሁት፣ ልጄን ላስመረምር አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ድንቢጥ ደንግጣ አለቀሰች። ሴትዮዋ ግን ካሜራውን መደርደሪያው ውስጥ መልሳ ቆለፈችበትና «አልሸጥልህም። ከሐኪም ስትመለስ ና» አለችኝ።

ቤት ገብቼ መስኮት ሥር አስቀመጥኳት። ግራ ዓይኗን በመዳፌ ስሸፍን ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ቀኙን ስሸፍን ሳቋ ቆመ። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ፊቷ ላይ እያረፈ፣ «አባዬ፣ መሸ?» አለችኝ።

እናትሽ በር ላይ ቆማ ሰማች። የያዘችው ሳህን ከእጇ ወደቀ።

ሰኞ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ የዓይን ሐኪሙ በማደንዘዣ አስተኝቶ መረመራት። ልጅ እግር ነው፣ ሲናገር ግን እንደ ሽማግሌ ረጋ ይላል። «ዕጢ ነው፤ በዓይኗ ውስጥ ያደገ። ዓይኗን ማትረፍ አንችልም፣ ነፍሷን ግን እንችላለን። ከቆየን ወደ አንጎሏ ይሻገራል» አለኝ። የእኔን ዓይን ውሰዱና ስጧት አልኩት፤ እንደ እብድ ሳልሆን አልቀርም። ትከሻዬን ይዞ «እንዲህ አይደረግም፣ አባቷ» አለኝ። ዓይኗን ለማውጣት ለሚቀጥለው ሰኞ ቀጠረን።

በመሃል እሑድ መጣና አንቺ ደወልሽ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር የተሰጠሽ። «ካሜራውን መረጥክ?» አልሽ። መረጥኩ አልኩሽ። «አሁን ዓይኗ በደንብ ይወጣል?» አልሽኝ። አንቺ ስለ ፎቶው ነው የምትጠይቂኝ። አፌ «አዎ፣ ይወጣል» አለ። ቃሉን ከተናገርኩ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

እናትሽ «ለምን አልነገርካትም?» አለችኝ።

«ባሕር መሃል ሆና ምን ታድርግ? ትዝለል?»

«እናት ናት። ብትዘልም መብቷ ነው» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ሰኞ ጠዋት የቀዶ ጥገናው ፈቃድ ወረቀት ላይ ብቻዬን ፈረምኩ። ፊርማዬን አየሁት፣ የእኔ አይመስልም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የበሩን ማጠፊያ ስመለከት ነበር፤ አንደኛው ብሎን ላልቷል፣ መፍቻ ቢኖረኝ ባጠበቅኩት እላለሁ። ሰው ሲደነግጥ አእምሮው የት የት ይሄዳል! ስትነቃ ውሃ ጠየቀች። ፋሻውን ዳሰሰችና «ይሄን ማን አሰረልኝ?» አለች። «እኔ ነኝ ያሳሰርኩት» አልኳት። ሌላ ሰው ላይ እንድታመካኝ አልፈለግኩም።

ውጤቱ ትናንት መጣ። ዕጢው ከዓይኗ አላለፈም። ወደ አንጎሏ የሚሄደው ነርቭ ንጹሕ ነው። ቀኝ ዓይኗ ጤነኛ ነው፣ በየጊዜው ይታያል። ቁስሉ ሲጠግግ ሰው ሠራሽ ዓይን ይገጥሙላታል። እኔ ጣውላ ቀጥ ማለቱን የማየው አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው፤ ራሴን «አንድም ይበቃል» እያልኩ አጽናናዋለሁ። አንቺን ግን በዚህ ላጽናና አልደፍርም።

ከሆስፒታል ስንወጣ ድንቢጥን አዝዬ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሴትዮዋ ፋሻውን ስታይ በርጩማው ላይ ዘጭ አለች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «ተረፈች?» አለች። ተርፋለች አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገረችኝ። በወጣትነቷ አንድ ሕፃን አንስታ ዓይኑ እንዲሁ አብርቶ ነበር። ፎቶው ተበላሸ ብላ በቀጭን ብሩሽ አጠቆረችው። «ቤተሰቡ እንዴት አሳመርሽው ብለው አመሰገኑኝ። በዓመቱ ለቀብሩ ያንኑ ፎቶ አሳድጊልን ብለው መጡ» አለችኝ። ክፉኛ ዘገነነኝ። ስንቱን ዝም ብለን እናልፋለን ውዴ!

ካሜራውን ከሠላሳ አምስቱ ሌንስ ጋር ሸጠችልኝ። ዛሬ ጠዋት ድንቢጥን አነሳኋት። መጀመሪያ በቀኝ በኩል ብቻ ላነሳት ዞርኩ፣ ፋሻው እንዳይታይሽ ብዬ። እጄ እምቢ አለኝ። ፊት ለፊት ተቀምጬ አነሳኋት፤ ከደብዳቤው ጋር ሰማያዊ ወረቀት ውስጥ አለች። ስትችዪ ክፈቺው።

ባሕሩ ይረፍልሽ፣ ምድጃው አይፍጅሽ። እኔን ሳይሆን እሷን ብለሽ በርቺ። ፈጣሪ በሰላም ያገናኘን።

ባልሽ፣ አናጢው

ይድረስሽ ብዬ የጨመርኩት፦ ወደብ ስትደርሺ ትደውያለሽ። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ልታናግሪኝ ካልፈለግሽ «ልጄን አቅርብልኝ» በይኝ፤ ምንም ሳልል አቀርብልሻለሁ።