ከዘር ቆጠራው የወጣችው ሴት

ሰኞ፣ ታኅ. 6፤ ቢቸና

የ11ኛ ሐ ፈተና እርማት አላለቀም። ዛሬ አያልቅም። ተናድጃለሁ።

3ኛ ክ/ጊዜ፣ ታሪክ። የባሪያ ንግድ ከታገደ በኋላ የጦር መርከቦች ነጋዴዎቹን ባሕር ላይ እያሳደዱ ይይዙ ነበር። መርከቡ ተያዘ ስል ክፍሉ አጨበጨበ። ሰዎቹስ ምን ሆኑ ብዬ ጠየቅኩ። ባንድ ድምፅ፣ አገራቸው ገቡ አሉ። አልገቡም! አብዛኞቹ የማያውቁት ወደብ ላይ ተራገፉ። በውል ስም ለሌላ ጌታ ተሰጡ። ሸንኮራ ቆረጡ፣ ወታደር ሆኑ፣ ሰው ቤት አገለገሉ። ቀይ ባሕር ላይ ከተያዙት የኛ አገር ልጆች ደቡብ አፍሪካ ድረስ የተላኩ አሉ።

ከዚያ ከኋላ አንዱ ጠቆር ያለውን ጓደኛውን፣ አንተንስ የት አራገፉህ አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጩኸቴ ር/መምህሩ ቢሮ ድረስ ተሰማ አሉ። ይሰማ።

ለምን እንደጮህኩ ላንተ ልንገርህ፣ ደብተሬ። የአባቴ እናት ናት የነገረችኝ። አያቷ ሞጣ አጠገብ ሰው ቤት ባሪያ ነበረች። ጡት የሚጠባ ልጇን አስቀርተው ሸጧት። ባሕር ላይ የፈረንጅ መርከብ ነጋዴዎቹን ያዘ። ነፃ ነሽ ተባለች። የመን፣ ኤደን ወደብ ላይ አወረዷት፤ እዚያ ፈረንጅ ቤት ያለ ደመወዝ ልብስ ስታጥብ ኖረች። በመጨረሻ ከነጋዴዎች ጋር ባሕሩን ተሻግራ፣ በእግሯ፣ ልጇን ፍለጋ መጣች። ነፃ ወጥቻለሁ ስትል የድሮ ጌቶቿ ሳቁባት።

እንግዲህ እኛ የዚያ ልጅ ዘር ነን። ቤታችን ውስጥ ስለሷ ትንፍሽ አይባልም።

ቅዳሜ፣ ታኅ. 11፤ ሞጣ

ታናሽ ወንድሜ ጌትነት ቤት ነኝ። ነርስ ነው፤ እዚሁ ሞጣ ተከራይቶ ይኖራል። ነገ ሽማግሌ ይላካል። ልጅቷ ዝናሽ፣ ፋርማሲ የምትሠራ። ትወደዋለች፤ እሱ ደግሞ ምግብ አልበላ ብሎታል። ሰርጉ ጥር ላይ ታስቧል።

ነገ አጥንት ይቆጠራል። የኛን የሚቆጥሩት አጎቴ ጋሼ ይበልጣል ናቸው። የአያቴን አያት ምን ይሏታል ብዬ ጠየቅኳቸው። አንቺ አስተማሪ ነሽ እንጂ ሽማግሌ አይደለሽም አሉኝ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

እሑድ፣ ታኅ. 12፤ ማታ

ልስቅ ነው ወይስ ላብድ?

ጋሼ ቆጠሩ። እሷ ጋ ሲደርሱ ዘለሏት። በሷ ቦታ ግራዝማች እንግዳ የሚባሉ ሰው አስገቡ። ከየት እንዳመጧቸው እግዜር ይወቅ፤ አንድ ቦታ ሲወደሱ ሰምተው ይሆናል። የዝናሽ አባት አቶ አድማሱ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ግራዝማች እንግዳ የኔም ቅድመ አያት ናቸው አሉ!

አምስተኛ ቤት ላይ ገጠመ። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ቤት በታች አታጋባም። ጋብቻው ቀረ። ከዚያ ተቃቅፈው ተሳሳሙ፣ ዘመድ ተገኘ ተብሎ። የጾም በያይነቱ በልተው መጡ! ጋሼ ይህን ሲነግሩን አላፈሩም። ጌትነት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ረቡዕ፣ ታኅ. 15፤ ቢቸና

ጋሼን በስልክ ለመንኩ። ይመለሱና ተሳስቻለሁ ይበሉ አልኩ። እምቢ። በክብር ወጥተናል አሉ፤ ዘመድ ተብሎ መቅረት ባሪያ ተብሎ ከመባረር ይሻላል። እሳቸው ከብረው ወጡ። ጌትነት ግን አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻውን እያለቀሰ ነው።

ለሱም ደወልኩ። ስለ አያታችን አያት ሰምቶ አያውቅም፤ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ለማንም አትንገሪ አለ። ዝናሽ ባሪያ ነህ ብላ ከምትተወኝ ዘመድ ነህ ብላ ትተወኝ።

አዘንኩለት። ከጋሼም በላይ አናደደኝ። ልጇን ፍለጋ ያን ሁሉ አገር በእግሯ በመጣች ሴት አፈረ።

ዓርብ፣ ታኅ. 17

ዝናሽ ደወለች። ድምጿ ተዘግቷል። እውነት ዘመድ ነን ወይ አለችኝ። እህቴ እያለች ስትጠራኝ አንጀቴን በላችው።

አይደለንም አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ቤቱን፣ መርከቡን፣ ኤደንን፣ መመለሷን። ስሟ ማን ነበር አለች። ጌቶቿ ያወጡላትን እንጂ እናቷ ያወጣችላትን አላውቅም። ስለ መርከቦቹ አንድ ሙሉ ክ/ጊዜ አወራለሁ፣ የራሴን ሰው ስም አላውቅም። በራሴ ተናደድኩ።

ዝናሽ አለቀሰች። እኔ አልተውኩትም አለች፣ አባቴ ግን ከኔ አይሰማም፤ ነይና አንቺ ንገሪው። ምን እንደሚል አላውቅም አለች። እኔም አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ታኅ. 18፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፤ መናኸሪያ

መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፤ ዛሬ ክፍት ነው። የሞጣ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፤ እስኪሞላ እንጠብቃለን።

ጋሼ ደወሉ። ዝናሽ ለጌትነት ነግራው፣ እሱ ለሳቸው ነግሯቸዋል። አፌን ከከፈትኩ ደጃቸውን እንዳልረግጥ አሉ። የሴት ልጆቻቸውን ትዳር እንደዘጋሁ እንድቆጥረው። ስለ ልጆቹ እውነታቸውን ነው፤ ከተማው በር ሊዘጋባቸው ይችላል። ለነሱ እፈራለሁ። እሳቸውን ግን አልፈራም። ክፍል ውስጥ ልጆች ሲሳሳቁ የምጮህ፣ ቤቴ ውስጥ ዝም የምል አስተማሪ መሆን ሰልችቶኛል።

ጌትነትም መልእክት ልኳል፣ አትምጪ ይላል። አልመለስኩለትም።

ሞላ። ረዳቱ በሩን ዘጋ። ለአቶ አድማሱ የምለውን በልቤ እየደጋገምኩ ነው። አባባ፣ ዘመድዎ አይደለንም። እኛ የአንዲት የተሸጠች ሴት ዘር ነን። ልጅዎን የሚሰጡ ከሆነ ለሷ ልጅ ይስጡ።